መልአኩ መጀመሪያ ያናገረው ጥበቃዎቹን ነው

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ። የእድራችን ሊቀመንበር "ሒሳብ ከመስማታችን በፊት ስለ ገና ትንሽ ነገር በለን" ብለውኝ ነው የቆምኩት። ሰባኪ አይደለሁም። ሰንበት ትምህርት ቤት ያደግኩ፣ እንደናንተው እዚህ አዲስ አበባ ዳር የአራብሳ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነኝ፣ በቃ። እዚህ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ካቶሊኩም አለ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም እንደ ሁሌው አልቀራችሁም። ስለዚህ ማንንም ከማንም የሚያነካካ ነገር አላወራም። የማወራው ስለ መከራ ነው። በዓል ደርሶ ምን ነካው እንዳትሉኝ፤ የገና ታሪክ ራሱ መከራ የበዛበት ታሪክ ነው።

እስቲ ሰሞኑን የምናወራውን እናስተውል። ዶሮ ስንት ገባ? ሽንኩርት ስንት ገባ? በጉን ከለገጣፎ ነው ወይስ ከሾላ የምንገዛው? ሱቆቹ የፕላስቲክ ዛፍ አውጥተው ላዩ ላይ ጥጥ ጣል ጣል አድርገውበታል፣ በረዶ መሆኑ ነው። የአራብሳ ሰው በረዶ የሚያውቀው ክረምት ላይ መስኮት ሲደበድብ ነው፣ ግን ይሁን፣ ልጆቹ ይወዱታል። በግ መግዛትም ነውር አይደለም። ከኅዳር 15 ጀምሮ ሲጾም የከረመ ሰው ዶሮ ቢያምረው አይፈረድበትም፣ እኔንም አምሮኛል።

ሆዴን የሚበላኝ ሌላ ነገር ነው። "እኛ ቤት ዘንድሮ ገና የለም" የሚሉ ሰዎች አሉ። ባሏ የተኛባት፣ ልጇን የቀበረች፣ ሥራ የተቀነሰ፣ በግ መግዛት ያልቻለ። በዓሉ የደላው ሰው ሆኖባቸዋል። በሩን ዘግተው፣ የጎረቤት ዶሮ ወጥ እየሸተታቸው፣ ቀኑ እስኪያልፍ ይጠብቃሉ።

በግ መግዛት ያቃታቸው እነማን እንደነበሩ ግን ታውቃላችሁ? ማርያምና ዮሴፍ ናቸው። ከአንገት በላይ አይደለም የምናገረው፣ ሉቃስ ምዕራፍ 2 ላይ ተጽፏል። ሕጉ በዘሌዋውያን 12 አለ፤ የወለደች እናት የመንጻቷ ወራት ሲፈጸም አንድ ጠቦት ታቀርባለች፣ ለጠቦት አቅሟ ካልፈቀደ ግን ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩት ትችላለች። ሉቃስ እነሱ ያቀረቡትን ሲናገር ጠቦት አይልም፣ ወፎቹን ነው የሚጠራው። የድሆቹን መሥዋዕት ማለት ነው። ዘንድሮ በጉ ያልተቻለላችሁ ሰዎች እንግዲህ ወዴት እንደምትመደቡ እዩት፣ ከቅድስት ቤተሰብ ጋር ነው።

ሌላውም እንደዚሁ ነው። ነገሩ የሚጀምረው በመንግሥት ትእዛዝ ነው። አውግስጦስ ቄሣር ሕዝብ ይቆጠር አለ፣ ሰው ሁሉ ሊመዘገብ ወደየከተማው ወጣ። አንዲት የደረሰች ነፍሰ ጡር ከናዝሬት ተነስታ ቤተልሔም ድረስ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደች። ከእኛዋ ናዝሬት፣ ከአዳማ ማለቴ ነው፣ ያለ መኪና አዲስ አበባ እንደመምጣት ቁጠሩት፣ እሱም አሳንሼው ነው። ከዚያ "በእንግዶችም ማደሪያ ስፍራ ስላልነበራቸው በግርግም አስተኛችው።" ግርግሙን በሥዕል አሳምረነዋል፣ መብራት አድርገንለታል። ከብት የሚበላበት ቦታ እኮ ነው። ይሸታል። ለአራስ አይሆንም። እዚህ ያላችሁ እናቶች ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ አራስ ቤት ሙቀት ይፈልጋል፣ አጥሚት ይፈልጋል፣ እናትና አክስት ይፈልጋል። እሷ አንዱም የተሟላላት አይመስልም።

ቀጥሎ ደግሞ ሄሮድስ መጣ፣ ስደት ሆነ፣ ልጁን አዝለው በሌሊት ወደ ግብፅ። የኛ አባቶች ይሄን ስደት የሚያስቡበትን ጊዜ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፣ ጽጌ ነው። ማኅሌቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲቆም የሚታሰበው የእናትና የልጅ ስደት ነው። ኅዳር 6 ቁስቋም፣ ስደተኞቹ ግብፅ ውስጥ ያረፉበት ቦታ መታሰቢያ፣ ይከበራል፣ ጥቂት ቀን ቆይቶ የገና ጾም ይገባል። እንግዲህ በእኛ አቆጣጠር ስደቱ ከልደቱ ቀድሞ ነው የሚታሰበው። ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን ሊቃውንቱ ይንገሩን። እኔ ግን ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነስታችሁ፣ የኖራችሁበት ሰፈር፣ ጎረቤትና እድር ተበትኖ ወደ ከተማው ዳር የመጣችሁትን ሳይ ይሄ ቅደም ተከተል ደስ ይለኛል። ስደተኛ ሆኖ ገናን መቀበል አዲስ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ፣ ትዕግሥት ስጡኝ። ሄሮድስ በቤተልሔምና በአካባቢዋ ሁለት ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑትን ወንዶች ልጆች አስገደለ። መልአኩ ለዮሴፍ በሕልም ነግሮት ሸሸ። ለሌሎቹ አባቶች ግን ማንም አልነገራቸውም። ለምን? ይሄን ጥያቄ ልጁን የቀበረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ "የእከሌ ልጅ ከዚያው በሽታ ዳነ፣ የኔ ለምን?" ማቴዎስ መልስ አይሰጥም። ኤርምያስን ጠቅሶ ራሔል ስለ ልጆቿ አለቀሰች፣ "መጽናናትም አልወደደችም፥ የሉምና" ይልና ያልፋል። አላጽናናትም፣ አልገሠጻትም። ለቅሶዋን ከነሙሉ ምሬቱ ወንጌል ውስጥ አስቀመጠው። ቤተ ክርስቲያንም እነዚያን ሕፃናት ጥር 3 ታስባቸዋለች፣ የገና ድፎ ዳቦ ገና ሳያልቅ ማለት ነው። እኔም መልስ የለኝም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ያን ሌሊት ያመለጠው ልጅ አድጎ ኢየሩሳሌም በገዛ ፈቃዱ ገባ፣ እዚያም ሰቀሉት። እንዳመለጠ አልቀረም።

ታዲያ ማቴዎስ ያልሰጠውን መልስ እኛ ከየት አምጥተን ነው ለሰው የምናድለው? አንዱ በቴሌቪዥን ቆሞ "እምነት ስለጎደለህ ነው የታመምከው" ይላል። ሌላው "የእናት አባት እርግማን ነው" ይላል። ሦስተኛው "ምን ሠርታ ይሆን?" እያለ ደረጃ ላይ ያንሾካሹካል። ደቀ መዛሙርቱም ዓይነ ስውሩን ሲያዩ ይሄንኑ ነው የጠየቁት፤ ኃጢአት የሠራ ማን ነው፣ እሱ ወይስ ወላጆቹ? እሱም አይደለም፣ ወላጆቹም አይደሉም ተባሉ። ዮሐንስ 9 ላይ ነው። ተዘግቶ ያደረ ጉዳይ ነበር፣ እኛ ግን በየለቅሶው እንከፍተዋለን።

አንዲት እናት ልጇ ሞቶባት ድንኳን የተተከለ ጊዜ ሰው ገብቶ የሚላትን ሰምቻለሁ። "ለበጎ ነው።" "እግዜር የሚወደውን ነው የሚወስደው።" "አታልቅሺ፣ ሌሎቹን አስቢ።" በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ማለት ይሄ ነው። በክፋት አይደለም፣ ዝምታው ስለሚያስጨንቀን ነው። አንዲት ጎረቤቷ ግን፣ ሃይማኖቷ ሌላ ነው፣ ጓዳ ገብታ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። ዓይኗ በሽንኩርቱ ይሁን በሌላ ያለቅሳል። ጀበናውን አጠበች፣ ፍራሹን አነጠፈች፣ ውሃ በሌሊት ሲመጣ ጀሪካኑን ሞላች። እስከ ሰልስት ድረስ "እግዜር ያጥናሽ" ከማለት ሌላ የተናገረችው ነገር የለም። ዛሬ ያቺ እናት ከለቅሶው ማንን ታስታውሳለች ብትሏት እሷን ነው የምትጠራው። የኢዮብ ወዳጆችም ጥሩ ጀምረው ነበር፣ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የተበላሸው አፋቸውን የከፈቱ ጊዜ ነው።

እግዚአብሔርም በገና ያደረገው ይሄንኑ ይመስለኛል። ለምን እንደምንሠቃይ የሚያስረዳ ደብዳቤ አልላከም። ራሱ መጣ፣ ብርዱን በረደው፣ ተራበ፣ ወዳጁ አልዓዛር ሲሞት አለቀሰ። ልቅሶ ቤት የገባ አምላክ ነው። ለዚህ ነው ሐዘንተኛ ቤት ገና የለም ሲባል የማይዋጥልኝ።

እና ደግሞ የምሥራቹ መጀመሪያ ለማን ተነገረ? ለካህናቱ አይደለም፣ ለባለሥልጣን አይደለም። "መንጋቸውን በሌሊት ሲጠብቁ በሜዳ ያደሩ እረኞች ነበሩ" ይላል። የሌሊት ጥበቃዎች ናቸው! አሁን ከናንተ መሐል የብሎካችንን የሌሊት ጥበቃ ስም የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? እጅ አታውጡ፣ እንዳናፍር። ልጁ ከገጠር የመጣ ነው። ደረጃ ሥር ካርቶን አንጥፎ፣ ያረጀ ካፖርት ደርቦ፣ በታኅሣሥ ውርጭ ስብርባሪ ጣውላ ሲያነድ ያድራል። የገና ሌሊት እኛ ነጭ ለብሰን በፊቱ ስናልፍ "እንኳን አደረሳችሁ" ይለናል፣ በሩን ይከፍታል፣ ከኋላችን ይዘጋል። ቅዳሴውን የሚሰማው ከሩቅ በድምፅ ማጉያ ነው። ሲነግረኝ እንደ ቅሬታ አይደለም የነገረኝ፣ "ንፋሱ ወደዚህ ሲነፍስ ወንጌሉ ጥርት ብሎ ይሰማል" አለኝ።

ስለዚህ ሁለት ነገር ላቀርብ ነው የመጣሁት፣ ወሬውን ሁሉ ያረዘምኩት ለዚህ ነው። አንደኛ፣ በገና ሌሊት ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ጥበቃውን እኛ እንያዝለት፣ እሱ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ። ሙስሊም ወጣቶቻችን ቀድመውን "እኛ እንቆማለን" ብለዋል፣ ግን ሁሉን በእነሱ ጭኖ መሄድ ደስ አይልም፣ ከእኛም የማያስቀድስ፣ እግሩ የሚችል ወጣት ይጨመር። ሁለተኛ፣ ከቅርጫው አንድ መደብ ይውጣ። ለእሱና ዘንድሮ በራቸውን ዘግተው ለሚውሉት ቤቶች ነው። ቤቶቹን እኛው እናውቃቸዋለን፣ ስም መጥራት አያስፈልግም። ሥጋውን የሚወስድ ሰው ግን አስቀምጦ እንዳይመለስ፣ ቁጭ ብሎ ቡና ይጠጣ። ምክር ይዞ የሚሄድ ካለ ቤቱ ይቅር።

ጸሐፊያችን ወረቀቱን ይዞ በሩ ጋ ነው፣ ስትወጡ ስማችሁንና የምትችሉትን ሰዓት አስመዝግቡ። እንኳን አብሮ አደረሰን። ገንዘብ ያዣችን፣ መድረኩ ያንተ ነው፣ ስለ ድንኳኑ ጥገና የተሰበሰበውን ንገረን።