የሚተርፈው ሰዓት፦ የማኅበራችን ሰብሳቢ በዓመታዊው ጉባኤ ያደረጉት የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የሥራ አስፈጻሚ ባልደረቦቼ፣ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኛ ጋር የተቀመጣችሁ አዳዲስ አባላት፣ እንኳን በደኅና መጣችሁ።

የሰብሳቢ ንግግር ሲረዝም አዳራሹ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። እኔም ለብዙ ዓመታት እዚያ ከኋላ ተቀምጬ፣ ላፕቶፔን ከፍቼ ኮድ ሳርም ነበር። ስለዚህ የዓመቱን የሥራ ሪፖርት ለጸሐፊያችን፣ የገንዘቡን ነገር ለሒሳብ ሹማችን ትቼ ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ላውራ። በመጪው የድረ ገጽ ሶፍትዌር ኮንፈረንሳችን ስለሚቀርቡት የማኅበረሰብ ንግግሮች። ኮድ ስለማይታይባቸው፣ ግን ኮዱን ስለሚጽፉት፣ ስለሚተረጉሙት፣ ስለሚያስተምሩትና አንዳንዴም በኮዱ ሰበብ ስለሚኳረፉት ሰዎች ስለሚነገርባቸው ማለቴ ነው።

ያለፈውን ኮንፈረንስ የመጨረሻ ቀን የመጨረሻ ሰዓት የምታስታውሱ ስንት ናችሁ? እጃችሁን አታውጡ፣ ቁጥሩን አውቀዋለሁ። ከተናጋሪዋ ጋር ዘጠኝ ነበርን። ክፍሉ ከደረጃው ጀርባ ያለው ጠባቡ ክፍል ነው። ተናጋሪዋ ለዓመታት የስህተት ሪፖርቶችን ስታጣራ የኖረች ባልደረባችን ናት። አንድ ሰው «ድረ ገጼ ነጭ ሆኖ ቀረ» ብሎ ሲጽፍ የትኛው ስሪት ነው፣ የትኛው ሞጁል (ተጨማሪ የሶፍትዌር ክፍል) ነው፣ ከመቼ ጀምሮ ነው እያለች የምትጠይቀው እሷ ናት። ያን ቀን ያወራችን ግን ስለ ሪፖርቶቹ አልነበረም። ሰዎች ሪፖርት ሲጽፉ ለምን እንደሚቆጡ፣ እሷም አንዳንድ ጠዋት ኮምፒውተሯን መክፈት ለምን እንደምትፈራ ነበር የነገረችን። ገና ንግግሯን ሳታጋምስ በጎ ፈቃደኞቻችን ገብተው የኋላውን ወንበር ማጠፍ ጀመሩ። ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ክፍሉን የምናስረክብበትን ሰዓት ጽፈን የሰጠናቸው እኛ ነን። እሷ ግን ድምጿን ከወንበሩ ኳኳታ በላይ ከፍ አድርጋ እስከ መጨረሻው ተናገረች።

ፕሮግራሙን ያወጣው ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። እንዴት እንዳወጣነው ልንገራችሁ። በመጀመሪያ የኮድ ንግግሮቹን ደረደርን፤ ጠዋት፣ ትልቁ አዳራሽ። ከዚያ ለስፖንሰሮች የገባነውን ቃል ሞላን። በመጨረሻ ሰንጠረዡ ላይ የቀሩትን ክፍት ቦታዎች አየንና «እዚህ ጋ የማኅበረሰብ ነገር እናስገባበት» ተባለ። ቃል በቃል እንዲህ ነው የተባለው። ያለውም ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ጉዳዩ የክፍል ድልድል ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን አልወስድም ነበር። ግን በየቀኑ ድረ ገጽ የምንሠራባቸውን ሶፍትዌሮች ታሪክ ተመልከቱ። ጁምላ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2005 ማምቦ ከሚባለው ሶፍትዌር ተገንጥሎ ነው። የወጡት ሰዎች ከኮዱ ጋር ጠብ አልነበራቸውም፣ እንዲያውም ይዘውት ነው የወጡት። ያጣላቸው ፕሮጀክቱን እንዲያስተዳድር የተቋቋመው ፋውንዴሽን የማን ነው፣ የመጨረሻው ቃልስ የማን ነው የሚለው ነበር። በነገራችን ላይ ስሙ የተወሰደው «ሁሉም በአንድ ላይ» የሚል ትርጉም ካለው የስዋሂሊ ቃል ነው። የእኛ «ጅምላ»ም ከዚያው ከዐረብኛው ቃል የመጣ ዘመዱ ነው። ተገንጥለው ወጥተው ራሳቸውን ጅምላ ማለታቸው ሁሌም ያስቀኛል።

ወርድፕረስም ቢሆን መነሻው የሰው ጉዳይ ነው። ቢ2 የሚባለው የብሎግ ሶፍትዌር አዘጋጁ ድምፁን ሲያጠፋ ሜዳ ላይ ቀረ። ማት ሙለንዌግ ሥራውን የመቀጠል ሐሳብ እንዳላቸው ገለጹ፣ ማይክ ሊትል አብሬ እሠራለሁ አሉ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 27 ቀን 2003 የወርድፕረስ የመጀመሪያው ስሪት ወጣ። አዘጋጁ ሲጠፋ ሶፍትዌሩ ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ በኮንፈረንሳችን መድረክ ላይ አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም። ከመካከላችን ግን ብቻቸውን የያዙት ሞጁል ያላቸው ሰዎች አሉ። አሁን የምታዩኝ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

የድሩፓሉ ታሪክ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 2014 የድሩፓል የደኅንነት ቡድን በድሩፓል 7 ላይ የተገኘ፣ ሰርጎ ገብ የሚያስገባ ከባድ ክፍተት ከነማስተካከያው ይፋ አደረገ። ማስተካከያው የሚነካው አንዲት መስመር ኮድ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ያው ቡድን ሌላ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ክፍተቱ ይፋ በሆነ በ7 ሰዓት ውስጥ ያልተስተካከለ ድረ ገጽ ሁሉ ሰርጎ ገብ እንደገባበት ቁጠሩት አለ። ሰባት ሰዓት የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ነው። አንዷን መስመር ለመጻፍ አንድ ጎበዝ ሰው በቂ ነው። ሌሊት ማን ይነቃል፣ ማን ለማን ይደውላል፣ ድረ ገጹን ሠርቶ ሒሳቡን ተቀብሎ የሄደ ባለሙያስ ኃላፊነቱ እስከ የት ነው? ይህን ኮድ አይመልሰውም። እኛም በኮንፈረንስ ላይ ክፍተቱ እንዴት እንደሚሠራ በስላይድ ለማሳየት ትልቁን አዳራሽ እንሰጣለን፣ ማን ይደውል የሚለውን ግን ከደረጃው ጀርባ እናስቀምጠዋለን።

በእንዲህ ዓይነት ስብሰባ ላይ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ማለት የተለመደ ነው። ዘንድሮ ተረቱን የማነሳው ለጌጥ አይደለም፣ ሃምሳው ሎሚ በእርግጥም አንድ ሰው ጀርባ ላይ ስለተገኘ ነው። ኤክስዜድ የሚባለውን የፋይል መጭመቂያ አስታውሱ። በብዙ የሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ አለ፣ የሚጠብቀው ግን ያለ ክፍያ የሚሠራ አንድ የደከመው ሰው ነበር። መድከሙንም እ.ኤ.አ. በ2022 በግልጽ ተናግሯል። ይፈጥንልን ዘንድ ረዳት ጨምር እያሉ ከጨቀጨቁት መካከል ማንነታቸው ያልታወቀ ስሞች ነበሩ፣ ረዳት ሆኖ የገባውም ሰው ለሰርጎ ገብ የሚከፈት ስውር የኋላ በር ተከለበት። እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 2024 ይህን ለዓለም ያሳወቁት የሶፍትዌር ባለሙያው አንድሬስ ፍሮይንድ ነገሩን የደረሱበት ወደ ሰርቨር ሲገቡ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ገርሟቸው ነው። ግማሽ ሰከንድ ባያስተውሉ ኖሮ! ያ ሰው ደክሞኛል ሲል የሰማውና ጎኑ የቆመ ማኅበር ቢኖር ግን ነገሩ ግማሽ ሰከንድ ላይ ባልተንጠለጠለ ነበር።

ይህን ስል ማኅበረሰብ የሚል ቃል ያለበት የንግግር ፕሮፖዛል ሁሉ ይግባ ማለቴ አይደለም። «ማኅበረሰብ ማለት ፍቅር ነው» የሚለውን አርባ አምስት ደቂቃ ሰምቼዋለሁ፣ ሁለተኛ አልሰማውም። ምርቱን ለመሸጥ መጥቶ ርዕሱን «የማኅበረሰባችን ጉዞ» የሚለውም አለ። እሱን በትሕትና ወደ ስፖንሰሮች ጠረጴዛ እንሸኘዋለን። የምንፈልገው አንድ ሰው የሠራውን፣ የተበላሸበትን፣ ራሱ ያበላሸውንም ነው። ለጀማሪዎች መመሪያ ጽፎ ማንም ሳያነበው የቀረበት ይምጣ። አንድ ቃል እንዴት ይተርጎም በሚል ሳምንት ሙሉ የተከራከሩት ሁለት ተርጓሚዎች አብረው ይምጡ፣ ያንን ከየትኛውም የኮድ ማሳያ አስበልጬ እሰማለሁ።

ችግሩ እነዚህ ሰዎች ፕሮፖዛል አያስገቡም። ቢያስገቡም እንጥላቸዋለን። ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ከገምጋሚዎቹ አንዱ ሆኜ ሳነብ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያለው ፕሮፖዛል ደረሰኝ። «የማሻሻያ መመሪያው ለምን ይዘገያል? የሚያዘገየው እኔ ስለሆንኩ ምክንያቱን አውቃለሁ።» ይላል። ከተናጋሪው የሚጠበቀው ዝርዝር አልተሞላም፣ ተሳታፊዎች ምን ይዘው ይወጣሉ በሚለው ሥር ባዶ ነው። ዝቅተኛውን ነጥብ ሰጠሁና አለፍኩ። በኮንፈረንሱ ሁለተኛ ቀን አገናኝ ኮሪደሩ ላይ፣ ያው አንዱ የሚሠራ ሶኬት ሥር፣ ባትሪው አልቆበት መሬት ላይ ከተቀመጠ ሰው ጎን ተቀመጥኩ። ከአንዱ ዋና ስሪት ወደሚቀጥለው የሚያሻግረውን መመሪያ ለብቻው የሚጽፈው እሱ መሆኑን ሲነግረኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አንድ ሰዓት ያህል አወራን። በመጨረሻ «ይህን ለምን በመድረክ አታቀርበውም?» አልኩት።

«አስገብቼ ነበር» አለኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ፎርም ላይ እምነት የለኝም። ፎርም ማሳመር የሚችለውን ሰው ይመርጥልናል፣ የሚናገረው ያለውን አይመርጥልንም። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ለሆነ ሶፍትዌር የምንሰጠው ኦፕን ሶርስ የሚለው ስም ራሱ እንዴት እንደገባ ታውቁ ይሆናል። ክርስቲን ፒተርሰን ቃሉን ያመነጩት እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1998 ነው። በዚያው ሰሞን ስለ ማስተዋወቂያ ስልት በተጠራ ስብሰባ ላይ ተገኝተው ግን ከፕሮግራመሮቹ ወገን ስላልነበሩ ቃሉን አንስተው ለማቅረብ አልደፈሩም። አብሯቸው የነበረ ወዳጃቸው በንግግሩ መካከል እንደ ተራ ነገር ጣል አደረገው፣ ሌሎቹም ሳይታወቃቸው ተቀብለው ይናገሩት ጀመር። የሥራችን ስም የመጣው ማይክ ካልያዘ ሰው ነው ማለት ነው። እኔ የምጠይቀው ያንን ወዳጅ ሆነን እንድንገኝ ነው። ዘንድሮ የፕሮፖዛል ጥሪው ከመከፈቱ በፊት እያንዳንዱ የኮሚቴ አባል ሄዶ ሰው ይጠይቅ፤ እምቢ ያለውን ደግሞ ይጠይቀው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ያስገባ ሰው ደግሞ ነጥብ ከመሰጠቱ በፊት ይደወልለት። በመጀመሪያው ዙር ስም ሸፍነን እናንብብ የሚለውን እደግፋለሁ፣ ሽፋኑ ግን ስሙን እንጂ የሰውየውን ሥራ እንዳይሸፍንብን።

ስለ ሰዓት። የአርባ አምስት ደቂቃ ንግግር ለማኅበረሰብ ጉዳይ አይመችም። ተናጋሪው አርባውን ይወስዳል፣ አምስቱን «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ» የሚለው ሰው ይወስዳል። አሥራ አምስት ደቂቃ ይናገር፣ ግማሽ ሰዓቱ ለተቀመጠው ሰው ይሁን፣ ወንበሩም ክብ ይሠራ። ሃሪሰን ኦወን የሚባሉት ሰው እ.ኤ.አ. በ1985 ኦፕን ስፔስ የሚባለውን የስብሰባ ዘዴ የጀመሩት ብዙ ለፍተው ካዘጋጁት ጉባኤ ሰው የወደደው የቡናውን እረፍት መሆኑን አይተው ነው። ከሕጎቻቸው አንዱ የማይጠቅምህ ቦታ ከተቀመጥክ በእግርህ ሂድ የሚል ነው። በእኛ ዘንድ ሰው በንግግር መካከል ሲወጣ እንቀየማለን። አንቀየም።

ጠዋት ይሁን፣ በትልቁ አዳራሽ ይሁን፣ ከተቻለም በዚያው ሰዓት የኮድ ንግግር አይደረብበት። ይህን የመጨረሻውን ስናገር ፊታችሁ ሲለወጥ አየሁ። ገባኝ፣ አዳራሾቹ ባዶ ይቆማሉ። ለአንድ ሰዓት ይቁሙ።

ሌላው ማስታወሻ ያዥ ነው። ንግግሩ ይቀረጻል፣ ቀረጻው ይቀመጣል፣ ማንም አያየውም። በየክፍሉ አንድ ሰው ይቀመጥና የተባለውን ሳይሆን ማን ምን ለማድረግ ቃል እንደገባ ብቻ ይጻፍ። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ያ ግማሽ ገጽ በሚቀጥለው ጉባኤ እዚህ ይነበባል፣ ስሜ ካለበት የእኔም ጭምር።

የጠብ ጉዳይ አለ። ባለፉት ወራት በመካከላችን የተነሳውን አለመግባባት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ስም አልጠራም። በኮንፈረንሱ ላይ ይነሳ ወይስ ይቆይ ብለው የጠየቁኝ አሉ። ይነሳ ባይ ነኝ። ግን በአንድ ወገን ንግግር አይሆንም። ሁለቱም እኩል ደቂቃ ይኑራቸው፣ አወያዩ ከሁለቱም ወገን ያልሆነ ሰው ይሁን፣ ጥያቄው በወረቀት ተጽፎ በአወያዩ ይነበብ። ማይክ በአዳራሽ ሲዞር ንዴትም አብሮት ይዞራል። የማምቦና የጁምላ ሰዎች እንዲህ ያለ አንድ ሰዓት ቢያገኙ ይታረቁ ነበር አልልም። ቢያንስ ለምን እንደሚለያዩ ተሰማምተው ይለያዩ ነበር።

የገንዘቡን ጉዳይ ለሒሳብ ሹማችን እተዋለሁ ብዬ ነበር፣ አንዲት ነገር ልጨምር። የኮድ ተናጋሪውን ብዙውን ጊዜ ቀጣሪው ድርጅት ይልከዋል። ተርጓሚውንና የስህተት ሪፖርት የምታጣራዋን ማንም አይልካቸውም፣ ከኪሳቸው ነው የሚመጡት። ስለዚህ የጉዞ ድጋፉ ከእነዚህ ይጀምር። በሦስተኛው አጀንዳ ላይ ለድምፅ ይቀርባል፣ እዚያ ተከራከሩበት።

እንግዲህ ጉባኤያችን ተከፍቷል። በበሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ባዶ ካርዶች አሉ። የራሳችሁን ስም አይደለም፣ ሊናገር ይገባዋል የምትሉትን ሰው ስምና ምን እንዲነግረን እንደምትፈልጉ ጻፉበት። እኔ ሁለት ካርድ ሞልቻለሁ፤ አንደኛው በወንበር ኳኳታ ላቋረጥናት ባልደረባችን ነው። ጸሐፊያችን፣ ይምጡና ያለፈውን ዓመት ቃለ ጉባኤ ያንብቡልን።