ጥሩምባው ሲነፋ፦ አዲስ አበባ ከጦር ሰፈር እስከ ዕድር

ሰላማዊት፦ «ሰፈርሽ የት ነው?» ስባል ቃሉ ራሱ ይገርመኛል። ሰፈር ማለት እኮ ሠራዊት ድንኳን ተክሎ የሚያርፍበት ቦታ ነበር።

ዮናስ፦ አዲስ አበባም አወላለዷ እንደዚያው ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠሩ። ከዚያ ምኒልክ ለመኳንንቱ ቦታ መሩ። መኳንንቱ ጉብታ ጉብታውን ያዙ፤ ወታደሩ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ጠጅ ጣይዋ በጌታው ግቢ ዙሪያ ጎጆ ቀለሱ። ደጃች ውቤ ሰፈር የሚለው ስም የዚያ ዘመን ነው።

ሰላማዊት፦ ሀብታምና ድሃ አጥር ለአጥር መኖራቸውም ከዚያ ይመጣል።

ዮናስ፦ አዎ። ከተማዋ ግን ልትቀር ነበር። ደኑ ተመንጥሮ ማገዶ ሲጠፋ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ግንባታ አስጀምረው ነበር። ያቆያት ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆረጥም ያቆጠቁጣል።

ሰላማዊት፦ እኔ ደግሞ ሰዉን ያቆየው ዕድር ነው እላለሁ። ከጉራጌ፣ ከመንዝ፣ ከወለጋ የመጣ ሰው ዘመዱ ሩቅ ነው። ቢሞት ማን ይቀብረዋል? ጎረቤቱ! በልጅነቴ ገና ሳይነጋ ጥሩምባ ሲነፋ እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ትወጣለች። ድንኳኑ ይተከላል፤ አግዳሚው፣ የዕድሩ ቁጥር በቀይ ቀለም የተጻፈበት ትልቁ ድስት ይወጣል። ስም ሲጠራ ያልተገኘ ይቀጣል፤ ባለመኪናውም፣ ጉሊት ቸርቻሪዋም።

ዮናስ፦ ያንን ኑሮ ግን ማሳመር የለብንም። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት ከተወረሰ በኋላ የቀበሌ ቤት ኪራይ ረከሰ፤ ቤቱን የሚያድሰው ግን ጠፋ። ጣሪያው እያፈሰሰ፣ አንዱን መጸዳጃ ለብዙ ቤተሰብ እየተጋሩ ያረጁ ሰዎች አሉ። ቧንቧ ያለው ቤት ይገባቸዋል።

ሰላማዊት፦ ይገባቸዋል! የምከራከረው የድሮው ሰፈር ፈርሶ ጎረቤታሞች ሲነሡ አብረው ይነሡ ብዬ ነው። አንዱ በዕጣ ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ደቡብ ሲሄድ ስንት ዓመት የተገነባው መተማመን ይበተናል። ቤት በሁለት ዓመት ይሠራል፤ ያ ግን አይሠራም።

ዮናስ፦ እናትሽስ አዲሱ ቦታ ዕድር ገቡ?

ሰላማዊት፦ ገብታለች። የድሮውንም አልተወችም። በወሩ መጀመሪያ እሑድ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ፣ ሁለት ታክሲ ይዛ ሄዳ ወርኃዊ መዋጮዋን ትከፍላለች።