ፕሮግራሙ አልከፈት ሲል

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፤

ከዚህ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ብትሻገሩ በየመድኃኒት ቤቱ የሽያጭ ፕሮግራም የተጫነበት ኮምፒውተር ታገኛላችሁ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ገንዘብ ተቀባይዋ ፕሮግራሙን ትከፍታለች፤ የዳታቤዙ አገልግሎት ግን ገና አልተነሣም። ፕሮግራሙ አንድ ቃል ሳይናገር ይጠፋል። ደግማ ትጫናለች፤ ወረፋው ይረዝማል። የእርሷ መጉላላት የሚጀምረው እኛ በጻፍነው ኮንስትራክተር፣ ማለትም ኦብጀክት (ዳታንና ሥራውን አንድ ላይ የያዘ የፕሮግራም ክፍል) ሲፈጠር በሚሠራው ኮድ ውስጥ ነው።

ኮንስትራክተር ከቻለ ሙሉ ኦብጀክት ያስረክብ፤ ካልቻለ ኤክሴፕሽን፣ ማለትም ሥራውን የሚያቋርጥ የስህተት ምልክት ያስነሣ። ስህተቱን ውጦ ጎደሎ ኦብጀክት ማስረከብ ከሁሉ ይከፋል። ጉዳቱ ከሰዓታት በኋላ ሽያጭ ሲመዘገብ ብቅ ይላልና ምንጩን ማግኘት ጭንቅ ነው።

ቋንቋችሁን እወቁ። በሲ ፕላስ ፕላስ ኮንስትራክተሩ ኤክሴፕሽን ካስነሣ የዚያ ኦብጀክት ዲስትራክተር (ኦብጀክቱ ሲፈርስ የያዘውን የሚለቅ ኮድ) አይጠራም፤ የሚፈርሱት ተሠርተው ያለቁ ክፍሎቹ ብቻ ናቸው። በጥሬ ፖይንተር፣ ማለትም በባዶ የሜሞሪ አድራሻ፣ የያዛችሁት ሜሞሪ ሳይለቀቅ ይቀራል። በዴልፊ ግን ዲስትራክተሩ በራሱ ይጠራል።

በጣም የሚያሳስበኝ ስታቲክ ኮንስትራክተር፣ ማለትም ክላሱ (የኦብጀክቶች ንድፍ) መጀመሪያ ሲጠራ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራው ኮድ ነው። በማይክሮሶፍቱ የፕሮግራም መድረክ በዶት ኔት አንድ ጊዜ ከወደቀ፣ ፕሮግራሙ ተዘግቶ እስኪከፈት ድረስ ያ ክላስ አያገለግልም። «እንደገና ሞክር» የሚል አዝራር ብታስቀምጡ ምንም አይፈይድም። የምታዩት ታይፕ ኢኒሺያላይዜሽን ኤክሴፕሽን ነው፤ እውነተኛው ምክንያት ያለው በውስጡ በተሸከመው ኢነር ኤክሴፕሽን ላይ ነው። ይህን ሳይመዘግቡ መልእክቱን ብቻ የሚያሳዩ ፕሮግራሞች ጠጋኙን ባዶ እጁን ይሰዱታል። ጃቫ ደግሞ እንዲሁ የወደቀ ክላስ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ ኖ ክላስ ዴፍ ፋውንድ ኤረር («የክላሱ ፍቺ አልተገኘም») ይላል፤ ስንቱ ፕሮግራመር በዚህ ተታልሎ ያልጠፋ ፋይል ሲፈልግ ውሏል!

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ ዳታቤዝ የሚጠራ፣ ፋይል የሚከፍት፣ ኔትወርክ የሚጠብቅ ኮድ ከኮንስትራክተር ይውጣ። መጀመሪያ ትንሽ መስኮት ይከፈት፤ ግንኙነቱ ከዚያ ወዲያ ይሞከር፣ ካልሆነም ጥቂት ተጠብቆ ይደገም። በዶት ኔቱ የመስኮት መሥሪያ በዊንዶውስ ፎርምስ ዋናው ፎርም (መስኮት) ሲፈጠር የሚነሣ ስህተት፣ ያልተያዙ ስህተቶችን በሚቀበለው በትሬድ ኤክሴፕሽን አይያዝም፤ የተጠቃሚውን ንክኪ እየተቀበለ የሚያስተናግደው የመልእክት ዑደት ገና አልጀመረምና። ፕሮግራሙ ሥራውን በሚጀምርበት በሜይን ውስጥ ራሳችሁ ያዙት። ዝርዝሩን በፋይል መዝግቡ፤ ለተጠቃሚዋ ግን በአማርኛ፣ «ዳታቤዙ ገና አልተነሣም፤ እየጠበቅን ነው» በሏት።

አሁን ላፕቶፖቻችሁን ክፈቱ። የዳታቤዙን አገልግሎት አቁሙና የየራሳችሁን ፕሮግራም አስነሡ፤ ምን እንደሚል አብረን እንይ።