ፕሮጀክሽን ቲቪው ምን ሆነ? ሳንፈታው በሽታውን እንወቅ

ሰላም ጀማው፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ያለሁት ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ፣ መጠገኛዬ ውስጥ ነው። ከኋላዬ የምታዩት ቁም ሳጥን አይደለም፣ ቲቪ ነው። አራት ሰው ነው ደረጃውን ያወጣልኝ፤ አንዱ እስካሁን ወገቡን ይዞ ይረግመኛል።

ባለቤቱ ኳስ ያሳይበታል። "ሰዉ ሁሉ ቀይ ጥላ አወጣ፣ ኳሷም ሁለት ሆነች" አለኝ። ደንበኞቹ ደግሞ ጎል ሲገባ "የትኛዋ ናት የገባችው?" እያሉ ያላግጡበታል። ሌላ ቦታ አሳይቶት "ቱቦው አልቋል፣ ጣለው" ብለውታል። አብሽር፣ አልሞተም አልኩት። አንድ ብሎን ሳልፈታ እንዴት አወቅኩ? እሱን ነው የማሳያችሁ።

(ምስል፦ ወረቀት ላይ የተሳለ የሳጥኑ ውስጥ)

ይሄ የኋላ ፕሮጀክሽን የሚባለው ዘር ነው። ሳጥኑ ውስጥ ሦስት ትንንሽ ቱቦዎች አሉ፣ ብዙዎቹ 7 ኢንች አካባቢ ናቸው። አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ ብቻ ያወጣል። እያንዳንዱ የራሱን ስዕል በራሱ ሌንስ ይልካል፣ ትልቁ መስታወት ይቀበለውና ስክሪኑን ከኋላ ይመታዋል። እኛ አንድ ስዕል የሚመስለን ሦስት ስዕል ተደራርቦ ነው። እንግዲህ ብርሃኑ በዚህ መንገድ ላይ የት ጋ ነው የተደናቀፈው? ጥያቄው ይቺው ናት።

መጀመሪያ ሪሞቱን አንሱና ሜኑ ተጫኑ። ሜኑውን የሚስለው ቲቪው ራሱ ነው። ሜኑው ጥርት ብሎ ከኋላው ያለው ስዕል ብቻ ከተበላሸ ቲቪውን ተዉትና ሪሲቨሩን፣ ገመዱን፣ ዲሹን እዩ።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አንደኛ፣ የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፣ የኛ መብራት 220 ነው፤ ያለ ትራንስፎርመር ሰክታችሁት ከሆነ ይሄን ቪዲዮ ዝጉና ፓወር ሰፕላዩን አስፈትሹ። ሁለተኛ፣ ስዕል የሚቀበለው በአሜሪካው ዘዴ፣ በኤንቲኤስሲ ነው። የኛ ሪሲቨር በኛው ዘዴ፣ በፓል ሲልክለት ስዕሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፣ ወይ ደግሞ ይንከባለላል። ስንቱ ለዚህች ብሎ ቦርድ ሊያስቀይር መጥቷል! ሪሲቨሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ፓል የሚለውን ወደ ኤንቲኤስሲ ቀይሩትና እዩ።

የወዳጄ ቲቪ ግን ሜኑው ራሱ ጥላ ነበረው።

(ምስል፦ ሜኑው ቀረብ ብሎ)

ነጮቹ ፊደሎች በአንድ በኩል ቀይ፣ በሌላው ሰማያዊ ጠርዝ ሲያወጡ አያችሁ? ሦስቱ ስዕሎች ተዛንፈዋል ማለት ነው። ሦስቱ በትክክል መገጣጠማቸውን ኮንቨርጀንስ ይሉታል። ትንሽ ከሆነ ራሳችሁ ታስተካክሉታላችሁ፤ ቲቪውን 30 ደቂቃ ያህል አሠሩት፣ ምክንያቱም በቀዝቃዛው ያስተካከላችሁት ሲሞቅ ይሸሻል፣ ከዚያ ሜኑው ውስጥ ኮንቨርጀንስ የሚለውን ከፍታችሁ ቀዩንና ሰማያዊውን አረንጓዴው ላይ አምጧቸው። አረንጓዴውን አትንኩት፣ መለኪያው እሱ ነው።

ስክሪኑ ላይ የምታዩት መስመር እንደ ቀስት ከጎበጠና በሪሞት ስትገፉት አልመጣም ካለ ግን ሌላ ነው። ስዕሎቹን ወደ ቦታቸው የሚጎትቱ ሁለት ወፍራም አይሲዎች አሉ፣ ቁጥራቸው ኤስቲኬ ብሎ ይጀምራል። መጀመሪያ የምትጠረጥሩት እነሱን ነው። ቲቪው በበራ ቁጥር እንደ ምጣድ ስለሚግሉ በዚህ ዓይነት ቲቪ ላይ እኔ በብዛት ያገኘሁት ብልሽት ይሄ ነው። ስትቀይሩ ሁለቱንም ቀይሩ፣ ከአልሙኒየሙ ጋር ሲታሰሩ አዲስ የሙቀት ቅባት ቀቡ፣ አጠገባቸው ያሉትን ሪዚስተሮችና ፊውዞችም በቴስተር ለኩ፣ አይሲው ሲሄድ ጎረቤቱን ይዞ ነው የሚሄደው። አስመስለው የሠሩት ርካሽ አይሲ ደግሞ አለ። እኔ አንዴ ገዝቼ ሳምንት ሳይሞላው ቲቪው ተመልሶብኛል፤ ደንበኛ ፊት ያፈርኩት ዕፍረት!

አንድ ነገር ሳልረሳው። ቱቦዎቹ ላይ ወደ 30,000 ቮልት አለ፣ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ይዞ ይቆያል። ልምድ የሌላችሁ ከሪሞቱ አትለፉ።

ጥላ የለውም፣ ግን ስዕሉ የጦሳ ተራራ በክረምት እንደሚለብሰው ጭጋግ ለብሷል እንበል። ስዕሉ ውስጥ ጨለማ ቦታ ላይ ሻማ ሲበራ ብርሃኑ ዙሪያውን ይፈሳል። ቱቦውና ሌንሱ መሃል ማቀዝቀዣ ፈሳሽ አለ፤ ከዓመታት በኋላ ይደፈርሳል፣ ሻጋታም ያወጣል። ብዙዎቹ ቲቪዎች ከስክሪኑ ሥር ያለው ክዳን ሲነሳ ሌንሶቹ ይታያሉ። ቲቪው ጠፍቶ በባትሪ አብሩበት፤ እንደ ወተት ከነጣ እሱ ነው። የትኛው ቀለም እንደታመመ ለማወቅ ደግሞ ቲቪውን አብርታችሁ ሁለቱን ሌንሶች በካርቶን ሸፍኑና አንዱን ብቻ እዩ፣ እንደዚያ እያላችሁ በየተራ። ፈሳሹ ይቀየራል። ወደ ታች የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ቦርዱ ላይ ሳይደርስ ቶሎ አስጠግኑት።

ሁሉም ቀለም እኩል ከደበዘዘ መስታወቱ አቧራ ይዞ ይሆናል። ይሄ መስታወት እንደ ቤታችን መስታወት አይደለም፣ የሚያንጸባርቀው ቅብ ፊት ለፊቱ ላይ ነው ያለው። በጋዜጣ አሽቶ የጨረሰው ሰው አውቃለሁ። በለስላሳ ብሩሽ፣ እየዳበሳችሁ።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ስሙኝ። ከደሴ ገዝታችሁ በጠዋቱ ብርድ ጭናችሁ፣ በሐረጎ ቁልቁል ወርዳችሁ፣ ሞቅ ያለው ቤት እንደገባችሁ ከለኮሳችሁት ውስጡ አልቦት ስዕሉ ሊነጣ ይችላል። ሳትለኩሱት ጥቂት ሰዓት ይቆይ፣ ምንም አልሆነም።

ወፍራም ቱቦ የሌላቸው፣ ቀለል ያሉት ደግሞ ዲኤልፒ ናቸው። ሚትሱቢሺ እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ድረስ ሠርቷቸዋል። እነዚህ በአንድ አምፖልና በቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቺፕ ነው የሚሠሩት፤ ቺፗ ላይ በዓይን የማይታዩ ብዙ መቶ ሺህ መስታወቶች አሉ። ስዕሉ ቀስ በቀስ ከጨለመ አምፖሉ ነው፣ ይቀየራል፣ የአምፖሉን መስታወት በባዶ ጣት አትንኩ። ነጫጭ ነጥቦች እንደ ኮከብ ከበዙ ቺፗ ናት፤ ካልተገኘች እኔ ብር አላወጣበትም። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ማራገቢያው ይቸገራል፤ ከግድግዳው ራቅ አድርጉት፣ አቧራውን አጽዱለት።

(ምስል፦ የወዳጄ ቲቪ፣ በርቶ)

ይኸው፣ ሁለት አይሲና አንድ ሪዚስተር ተቀይሮ ኳሷ አንድ ሆናለች። ጥጉ ላይ የምትታየዋን ሳጥን ግን ምንም ላደርጋት አልችልም። በየጨዋታው የውጤት ሰሌዳው እዚያው ቦታ ስለሚቆም የቱቦዎቹ ፎስፈር፣ ማለትም የሚያበራው ቅብ ላይ ታትሞ ቀርቷል፤ ይሄ በሪሞትም በብየዳም አይድንም፣ ኮንትራስቱን ዝቅ ቢያደርገው ኖሮ ይዘገይ ነበር። አሁን ዜና ሲከፍትም የውጤት ሳጥኗ አለች።

የቀረን ማውረዱ ነው። ወገቡን የያዘው ልጅ ስልክ አያነሳም።