አንድ ገጽ፣ ሦስት «ሐ»

[ምስል፦ ማለዳ፣ ሐይቅ ዳር]

እንደምን አላችሁ? ከደሴ ወደ ወልዲያ ስትጓዙ፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዳችሁ ሐይቅ ከተማ ትደርሳላችሁ። እስኪ ስሟን ጻፉት። በሐመሩ «ሐ» ነው? በሃሌታው «ሀ»? ወይስ «ሃ»? ሲነበብ ሁሉም ያው ነው። ጉግል ላይ ግን ጣጣ አለው።

[ስክሪን፦ ሦስት ገጾች ጎን ለጎን]

እዚያው ውሃው ዳር ላለ የእንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ ስሠራ፣ «ሰው በየትኛውም ፊደል ቢፈልግ ያግኘን» ብዬ ለእያንዳንዱ አጻጻፍ አንድ አንድ ገጽ ከፈትኩ። ፎቶው አንድ ነው። ዋጋው አንድ ነው። ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የጻፍኩት አንቀጽ እንኳ ቃል በቃል አንድ ነው። ቆይቶ የክፍል ዋጋ ሲጨምር ሁለቱን አስተካክዬ ሦስተኛውን ረሳሁት። ጉግል የሚያወጣው ደግሞ ያንኑ የተረሳውን ነበር። አንድ እንግዳ የድሮውን ዋጋ ስልኩ ላይ ይዞ መጣ። የማረፊያው ባለቤት «ቤት ለእንግዳ» ብለው በዚያው ዋጋ አሳደሩት። እኔን ግን እስካሁን ይቆጨኛል።

ጉግል ተመሳሳይ ገጾች ሲያገኝ በአንድ ይሰበስባቸውና አንዱን ዋና ብሎ ይመርጣል። ብዙ ሰው «ይቀጣኛል» ብሎ ይፈራል። ለማታለል ካልተደረገ በስተቀር ቅጣት የለውም። ጉዳቱ ምርጫው ከእጃችሁ መውጣቱ ነው።

ቅጂ ሳታስቡትም ይፈጠራል። ፌስቡክ ላይ የለጠፋችሁት ሊንክ ሲከፈት ጫፉ ላይ ረጅም መለያ ይቀጠልበታል። አድራሻው በኤችቲቲፒ (http) ወይም በኤችቲቲፒኤስ (https) ቢጀምር ገጹ ለእኛ አንድ ነው፣ ለማሽን ግን ሁለት አድራሻ ነው። በነገራችን ላይ፣ «ሐይቅ» የሚል አድራሻ ኮፒ ስታደርጉ 27 የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና የፐርሰንት ምልክት ሆኖ ቢወጣ አትደንግጡ። አንዱ ፊደላችን እዚያ ዘጠኝ ቦታ ስለሚይዝ ነው። እሱ ቅጂ አይደለም።

[ስክሪን፦ የገጹ ኮድ፣ አንድ መስመር ደምቆ]

መፍትሔው ካኖኒካል ታግ ይባላል። ጉግል፣ ያሁና ማይክሮሶፍት በ2009 በአውሮፓ አቆጣጠር በጋራ ያስተዋወቁት ነው። ኮዱ ራስጌ ላይ የሚገባ አንድ መስመር ሲሆን «ዋናው ገጽ ያኛው ነው» ይላል። ሙሉ አድራሻውን ጻፉበት። ግን ጥቆማ እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ስለዚህ ሜኑአችሁም ሳይትማፑም (ለፍለጋ ማሽን የምትሰጡት የገጾቻችሁ ዝርዝር) ወደዚያው ገጽ ይምሩ።

ቅጂው ጨርሶ የማያስፈልግ ከሆነ በ301 ሪዳይሬክት፣ ማለትም የድሮውን አድራሻ የከፈተውን ሁሉ ለዘለቄታው ወደ አዲሱ በሚወስድ ማዞሪያ፣ ወደ ዋናው አዙሩት። እኔ በመጨረሻ ያደረግሁት ይህንን ነው። ገጹ ለሰው ይከፈት፣ ፍለጋ ላይ ግን አይውጣ ካላችሁ ደግሞ ኖኢንዴክስ የሚባል፣ ይህንኑ ለጉግል የሚነግር መስመር ገጹ ኮድ ውስጥ ይገባል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሮቦትስ በሚባለው ፋይል ገጹን ይከለክልና ያበቃ ይመስለዋል። ያ ፋይል የሚከለክለው ጉግል ገጹን ማንበቡን ነው። ሌላ ድረ ገጽ ወደዚያ አድራሻ ሊንክ ካደረገ፣ አድራሻው ሳይነበብም ፍለጋ ላይ ሊወጣ ይችላል። ይባስ ብሎ ጉግል ካልገባ ኖኢንዴክሱን አያየውም። በር ቆልፎ ጓዳ ውስጥ ማስታወቂያ እንደ መለጠፍ ነው። እባካችሁ ሁለቱን አንድ ላይ አታድርጉ።

አማርኛና እንግሊዝኛ ገጽ ካላችሁ ትርጉም ቅጂ አይደለም። ኤችሬፍላንግ በሚባለው፣ የየገጹን ቋንቋ ለጉግል በሚነግር የኮድ መስመር አያይዟቸው።

[ስክሪን፦ ሰርች ኮንሶል]

ለማረጋገጥ ሰርች ኮንሶል በሚባለው የጉግል የድረ ገጽ ባለቤቶች መሣሪያ ውስጥ አድራሻውን አስገቡ። ጉግል ዋና ብሎ የመረጠውን ገጽ ያሳያችኋል። እናንተ ከመረጣችሁት ጋር አስተያዩት።

[ምስል፦ አንዱ ገጽ]

የማረፊያው ገጽ አሁን ይህ ነው። ርዕሱ በሐመሩ «ሐ» ተጽፏል። የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ «ሀይቅ፣ ሃይቅ ተብሎም ይጻፋል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር አለ። ዋጋ ሲቀየርም የምነካው አንድ ቦታ ብቻ ነው።