ሩት ግሩበር፦ ማስታወሻ ደብተሯን ይዛ ከስደተኞች ጋር የተሳፈረችው ዘጋቢ

(ምስል፦ የአትላንቲክ ውቅያኖስ ካርታ፤ ከኔፕልስ ወደ ኒው ዮርክ የሚሄድ መስመር)

ተራኪ፦ በጁላይ 1944 ሄንሪ ጊቢንስ የተባለ የአሜሪካ ጦር ማጓጓዣ መርከብ ከጣሊያኗ የኔፕልስ ወደብ ተነሥቶ ወደ ኒው ዮርክ አቀና። መርከቡ አንድ ሺህ ያህል ቁስለኛ ወታደሮችንና ከናዚዎች እጅ ያመለጡ 982 ስደተኞችን ጭኗል። ከስደተኞቹ ጋር የተሳፈረች አንዲት የ32 ዓመት ሴትም ነበረች፤ ስሟ ሩት ግሩበር ይባላል። የመንግሥት ወረቀቷ የጄኔራልነት ማዕረግ እንዳላት ይናገራል፤ ሙያዋ ግን ጋዜጠኝነት ነበር።

በዚህ ቪዲዮ የምንመለከተው አንድ ጥያቄ ነው። ስደተኞችን ለመዘገብ የሄደ ሰው ከዘገባው አልፎ ጠበቃቸው ሲሆን ምን ያተርፋል፣ ምንስ ያጣል? (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግሩበር በ1911 በኒው ዮርክ ብሩክሊን ከሩስያ ከመጡ አይሁዳውያን ወላጆች ተወለደች። በትምህርቷ የነበራት ፍጥነት ዛሬም ያስገርማል፤ በ15 ዓመቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ በ1931 የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝታ ወደ ጀርመኗ የኮሎኝ ከተማ ሄደች፤ በዓመቱም ስለ እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቨርጂኒያ ዉልፍ ባቀረበችው ጥናት በ20 ዓመቷ የዶክትሬት ዲግሪ ያዘች። በኮሎኝ ቆይታዋ ከዲግሪው የማያንስ ሌላ ነገርም አይታለች፤ ሂትለር ሥልጣን ከመያዙ በፊት የናዚ ፓርቲ ስብሰባዎች ላይ ተገኝታ፣ በአይሁዳውያን ላይ የሚነዛውን ጥላቻና ሕዝቡ የሚሰጠውን ጭብጨባ በገዛ ጆሮዋ ሰምታለች። ወደ አገሯ ተመልሳ ለኒው ዮርክ ሄራልድ ትሪቢዩን ጋዜጣ መጻፍ ጀመረች፤ በ1935ም የውጭ አገር ጋዜጠኞች እምብዛም ወዳልረገጡት የሶቭየት አርክቲክ ተጓዘች። ከዚያ ጉዞ የወጣውን መጽሐፍ ካነበቡት መካከል የተፈጥሮ ሀብትንና የአሜሪካን ግዛቶች የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ሚኒስትር ሃሮልድ ኢኪስ ይገኙበታል። እርሳቸውም በ1941 ስለ አላስካ እንድታጠና ልከዋት፣ ኋላም ልዩ ረዳታቸው አደረጓት።

(ምስል፦ ፎርት ኦንታርዮ፣ ኦስዌጎ፣ ኒው ዮርክ ግዛት)

ተራኪ፦ የ1944ቱን ጉዞ ለመረዳት የአሜሪካን ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። በ1924 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ለየአገሩ ኮታ በመወሰን ከምሥራቅና ከደቡብ አውሮፓ የሚመጣውን ሰው ቁጥር እጅግ ቀንሶት ነበር። በ1939 ሴንት ሉዊስ የተባለች መርከብ ከ900 በላይ አይሁዳውያንን ይዛ እስከ ፍሎሪዳ ጠረፍ ብትደርስም፣ ተሳፋሪዎቿ የአሜሪካን ምድር ሳይረግጡ ወደ አውሮፓ ተመልሰዋል። ጦርነቱ ተፋፍሞ፣ የጅምላ ጭፍጨፋው ወሬ ዋሽንግተን ከደረሰ በኋላ እንኳ ኮታው አልተነካም። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የጦርነት ስደተኞች ቦርድን ያቋቋሙት በጃንዋሪ 1944 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በጁን ወር አንድ ሺህ ያህል ስደተኞች ከጣሊያን መጥተው ኦስዌጎ በምትባል ትንሽ ከተማ በሚገኝ አሮጌ የጦር ሰፈር እንዲያርፉ ወሰኑ።

ውሳኔው የተቀመረበት መንገድ ግን ልብ ሊባል ይገባል። ሰዎቹ ከኮታው ውጭ ስለ ገቡ ቪዛ አልተሰጣቸውም፤ «የፕሬዚዳንቱ እንግዶች» ተባሉ። ጦርነቱ ሲያበቃ ወደየመጡበት እንደሚመለሱ የሚገልጽ ወረቀትም ፈረሙ። እንግዳ ማለት በሕግ ፊት ማን እንደሆነ ያኔ የጠየቀ የለም፤ ጥያቄው የተነሣው ኋላ፣ እንግዶቹ አጥር ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው።

ግሩበር ዜናውን እንደ ሰማች ኢኪስ ዘንድ ቀርባ፣ እነዚህ ሰዎች የሚያጽናናቸውና ቋንቋቸውን የሚያውቅ አጃቢ እንደሚያስፈልጋቸው አስረዳች። ኢኪስም እርሷኑ ላኩ። የጄኔራልነቱ ማዕረግ የመጣው እዚህ ላይ ነው፤ አውሮፕላኗ ተመትቶ በጀርመኖች እጅ ብትወድቅ እንደ ሰላይ ሊረሽኗት ስለሚችሉ፣ በጄኔቫ ስምምነት መሠረት እንደ ጦር ምርኮኛ እንድትያዝ ሲባል ብቻ የተሰጠ ማዕረግ ነበር።

በመርከቡ ላይ ጀርመንኛና ይዲሽ የተባለውን የአውሮፓ አይሁዳውያን ቋንቋ መቻሏ ጠቀማት። ለስደተኞቹ እንግሊዝኛ ታስተምራለች፤ በተረፈው ጊዜ ደግሞ ደብተሯን ይዛ ታሪካቸውን ትጠይቃለች። አንዳንድ ወንዶች የደረሰባቸው ግፍ ለሴት ጆሮ የማይነገር መሆኑን ገልጸው ሊተርኩላት አልፈለጉም። እርሷም ሴትነቷን እንዲረሱት ለመነቻቸው፤ ወደ አሜሪካ የሚገቡ የመጀመሪያ የዓይን ምስክሮች እነርሱ እንደሆኑም ነገረቻቸው። ያን ጊዜ ተናገሩ። የያዘችውን ማስታወሻ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1983 መጽሐፍ አድርጋ አሳተመችው። ይህ ጉዞ ሕይወቷን ለሁለት እንደ ከፈለው፣ ከዚያ ወዲያም ከስደተኞች ጉዳይ እንዳልተለየች ራሷ በየጊዜው ተናግራለች።

መርከቡ ኦገስት 3 ቀን 1944 ኒው ዮርክ ደረሰ። ስደተኞቹ በባቡር ኦስዌጎ ሲገቡ የጠበቃቸው በሽቦ የታጠረ ሰፈር ነበር፤ ከማጎሪያ ካምፕ ለመጣ ሰው አጥር ምን እንደሚያስታውሰው መገመት አያስቸግርም። ልጆቹ በመስከረም ወር በከተማው ትምህርት ቤቶች መማር ጀመሩ፤ አዋቂዎቹ ግን ከኦስዌጎ ርቀው መሄድም ሆነ ከሰፈሩ ውጭ ሥራ መያዝ አልተፈቀደላቸውም፤ አሜሪካ ውስጥ የቅርብ ዘመድ ያለው እንኳ ሄዶ አብሮ መኖር አልቻለም። ሩዝቬልት በኤፕሪል 1945 ሲሞቱ ጋባዡ የሌለበት እንግድነት ሆነ። በአውሮፓ ጦርነቱ ሲያበቃም የፈረሙት ወረቀት ከፊታቸው ተደቀነ።

ግሩበር ከዘጋቢነት ወደ ተሟጋችነት የተሻገረችው በዚህ ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። ስደተኞቹ እንዲቀሩ ከሚወተውቱ ሌሎች ሰዎች ጋር ሆና በዋሽንግተን የባለሥልጣናትን በር አንኳኳች። ፕሬዚዳንት ትሩማን በዲሴምበር 22 ቀን 1945 ባወጡት መመሪያ ለመቆየት የሚፈልጉ ሁሉ በሕጋዊ መንገድ እንዲገቡ ፈቀዱ። ሕግ አንዳንዴ እንዲህ ያለ ሥርዓት ይወዳል፤ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ አሜሪካ ውስጥ የኖሩት ሰዎች በጃንዋሪ 1946 በአውቶቡስ ተጭነው ወደ ካናዳ ተወሰዱ፤ ከናያግራ ፏፏቴ ማዶ የአሜሪካ ቆንስላ ቪዛ ሰጣቸውና ድልድዩን ተሻግረው፣ አገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚረግጥ ሰው «ገቡ»።

(ምስል፦ የሜድትራንያን ባሕር ካርታ፤ ደቡብ ፈረንሳይ፣ ሃይፋ፣ ቆጵሮስ)

ተራኪ፦ በ1946 ግሩበር የመንግሥት ሥራዋን ለቅቃ የኒው ዮርክ ፖስት ዘጋቢ በመሆን፣ የፍልስጥኤምን ጉዳይ ከሚያጣራው የእንግሊዝና የአሜሪካ ኮሚቴ ጋር በአውሮፓ የተፈናቃዮች ካምፖችንና መካከለኛው ምሥራቅን ዞረች። በስፋት የምትታወቅበት ዘገባዋ የመጣው ግን በሚቀጥለው ዓመት፣ ለቀድሞ ጋዜጣዋ ለሄራልድ ትሪቢዩን ስትሠራ ነው። በጁላይ 1947 ኤክሶደስ 1947 የተባለች መርከብ ከጭፍጨፋው የተረፉ ከ4,500 በላይ አይሁዳውያንን ጭና ከፈረንሳይ ወደ ፍልስጥኤም አመራች፤ ፍልስጥኤምን ታስተዳድር የነበረችው እንግሊዝ የሚገቡትን አይሁዳውያን ቁጥር ገድባ ስለነበር፣ የባሕር ኃይል መርከቦቿ ባሕር ላይ ገጭተው ያዟት፤ በግጭቱም ሦስት ሰዎች ሞቱ። የተሰባበረችው መርከብ ወደ ሃይፋ ስትገባ ግሩበር ወደቡ ላይ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ስደተኞቹ በሦስት የእንግሊዝ መርከቦች ላይ ተጫኑ፤ እንደ ተለመደው ቆጵሮስ ወዳሉት የእንግሊዝ ማቆያ ካምፖች ይወሰዳሉ ብላ ቀድማቸው ሄደች፤ ተመልሰው ወደ ፈረንሳይ መላካቸውን ስትሰማም ተከትላቸው ፖርት ደ ቡክ ወደብ ደረሰች።

ስደተኞቹ በፈረንሳይ ምድር አንወርድም ብለው በበጋው ሙቀት ከሦስት ሳምንት በላይ በመርከቦቹ ውስጥ ቆዩ። ከአሜሪካውያን ጋዜጠኞች መካከል ረኒሚድ ፓርክ ወደተባለው መርከብ እንድትገባ የተፈቀደላት እርሷ ነበረች። ያነሣቻቸው ፎቶግራፎች በሽቦ የተከለለ ወለል ላይ የታጨቁ ሰዎችን ያሳያሉ፤ ከሁሉ የታወቀው ደግሞ ስደተኞቹ በእንግሊዝ ባንዲራ ላይ የናዚን መስቀል ቀብተው የሰቀሉበት ነው፤ ላይፍ መጽሔት የሳምንቱ ፎቶግራፍ ብሎ አትሞታል። እንግሊዝ በመጨረሻ ሰዎቹን ወስዳ ሃምቡርግ፣ ጀርመን ውስጥ በኃይል አወረደቻቸው። ዓለም ይህን ስላየ የተሰማው ቁጣ ለእንግሊዝ ፖሊሲ ከባድ የፖለቲካ ኪሳራ ሆነ። እዚህ ላይ የግሩበርን ወገንተኝነት መሸሸግ ትክክል አይሆንም፤ በጉዳዩ ላይ ጽኑ እምነት ነበራት፤ የእንግሊዝን ችግርም ሆነ የፍልስጥኤም ዐረቦችን ዕጣ ከእርሷ ዘገባ ብቻ ለመረዳት የሚሞክር አንባቢ ይቸገራል። ፎቶግራፎቹ ግን ያዩትን አይተዋል።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ እንለፈው። በ1951 አገባች፤ ሁለት ልጆች አሳደገች፤ ብዙ መጻሕፍት ጻፈች፤ በኖቬምበር 2016 በ105 ዓመቷ ማንሃተን ውስጥ አረፈች። ለእኛ የሚቀርበው ምዕራፍ የተከፈተው በሰባዎቹ ዕድሜዋ ነው።

(ምስል፦ የሰሜን ኢትዮጵያና የሱዳን ካርታ)

ተራኪ፦ በ1984 በርካታ ቤተ እስራኤላውያን ከሰሜን ኢትዮጵያ መንደሮቻቸው በእግራቸው ተነሥተው ሱዳን ገቡ። በመንገድና በካምፖች፣ በተለይም በኡም ራኩባ፣ በረኀብና በበሽታ የሞቱት 4,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል። ዘመቻ ሙሴ በተባለው ምስጢራዊ ሥራ ከኖቬምበር 1984 ጀምሮ ከ6,000 በላይ ሰዎች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ በጃንዋሪ 1985 ግን ዜናው በይፋ ወጣ፤ የዐረብ አገሮች ተቃውሞ ያስፈራው የሱዳን መንግሥትም በረራውን አቆመ። እናት እስራኤል ልጅ ሱዳን፣ ባል ወዲያ ሚስት ወዲህ ቀሩ።

ግሩበር በዚያው በ1985 ወደ ኢትዮጵያ መጥታ የቀሩትን በየመንደራቸው ጎበኘች፤ ያየችውንም በ1987 በመጽሐፍ አወጣች። በኤክሶደስ ጊዜ የተማረችው፣ ዓለም ካየ ስደተኛው እንደሚጠቀም ነበር፤ ዘመቻ ሙሴ ደግሞ የታተመ ዜና በመንገድ ላይ ላለ ሰው በር ሊዘጋ እንደሚችል አሳየ። ሁለቱ ይቃረናሉ ብሎ መደምደም ያስቸግራል። የፖርት ደ ቡክ ስደተኞች በአሳሪዎቻቸው እጅ ስለነበሩ ዝምታ የሚጠቅመው አሳሪዎቹን ነው፤ ሱዳን የነበሩት ግን ምስጢር ከመሆኑ በቀር ሌላ መከለያ አልነበራቸውም።

ይህን ትምህርት ቀጣዩን ሥራ ያቀዱትም አልዘነጉትም። በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከአዲስ አበባ ሲወሰዱ፣ የእስራኤል ወታደራዊ ሳንሱር ዜናው እንዳይወጣ አግዶ ነበር።