ኮድ ውስጥ ጎባጣ ጥቅስ አይግባ

ክቡራን መምህራን፣ ውድ የዘንድሮ ተመራቂዎች፣

የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ልታስጠርዙ ነው። ከዚያ በፊት ስለ አንዲት ትንሽ ምልክት ላናግራችሁ እፈልጋለሁ። ኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለኮምፒውተር በምንጽፈው ትእዛዝ ውስጥ፣ ስላለችው ትምህርተ ጥቅስ።

ኪቦርድ ላይ ያለችው ነጠላ ጥቅስ ቀጥ ያለች ናት፤ ' እንዲህ። ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ምልክት በሚሰጠው ቁጥር፣ በዩኒኮድ፣ ቁጥሯ 39 ነው። መጽሐፍ ላይ የምናያት ጎባጣዋ ’ ደግሞ 8217 ናት። ለዓይን እህትማማች ይመስላሉ። ኮምፒውተሩ ግን ፈጽሞ አያምታታቸውም። እኛ ደግሞ በአማርኛ መጽሐፍ የለመድነው « » ስለሆነ ልዩነታቸውን ቶሎ ልብ አንልም።

ላቴክ የሚባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም የተሠራው ጽሑፍ አምሮ እንዲታተም ነው። ቀጥ ያለችውን ስትጽፉለት ጎባጣዋን ያትማል። ለተራ ጽሑፍ እሰየው! ችግሩ ኮድ ስታስገቡበትም ያንኑ ማድረጉ ነው። 'ሰላም' ብላችሁ የጻፋችሁት ’ሰላም’ ሆኖ ይወጣል። ዎርድም ገና እየጻፋችሁ ሳለ በራሱ ያጎብጠዋል።

ከእናንተ በኋላ የሚመጣ ተማሪ ይህን ከፒዲኤፉ ኮፒ ያደርጋል። ኮዱ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከሆነ ደግ ነው፤ ይህ ምልክት አይሆንም ብሎ ይቆማል፣ ቁጥሩንም ይነግረዋል። የባሰው ሊኑክስ ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት፣ ላይ ያለው ነው። ‘የጥናት ውጤት’ የሚል ፎልደር እንዲፈጥር አዘዘው እንበል። ጥቅሱ ቀጥ ያለ ቢሆን አንድ ፎልደር ይፈጠር ነበር። አሁን ግን ክፍት ቦታው ስሙን ስለሚከፍለው ሁለት ይሆናል፤ አንዱ «‘የጥናት» ሌላው «ውጤት’» ተብሎ። ጥቅሷም የስሙ አካል ሆና ትቀራለች። ስህተት አለ የሚለው የለም። ልጁም «እኔ ነኝ ያልገባኝ» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ጥፋቱ የኅትመቱ ሆኖ ሳለ ጀማሪው ተስፋ ይቆርጣል።

ማስተካከሉ ደቂቃ አይፈጅም። ላቴክ ላይ ኮድ ለማስገባት ሊስቲንግስ (listings) በሚባለው ፓኬጅ፣ ማለትም ተጨማሪ መሣሪያ፣ የምትሠሩ፣ አፕኮት የሚለውን ምርጫ ትሩ አድርጉት (upquote=true)። ላቴካችሁ እ.ኤ.አ. ከ2020 በፊት የወጣ ከሆነ ቴክስትኮምፕ (textcomp) የሚባለውን ፓኬጅም ጨምሩ። ቨርባቲም (verbatim) በሚባለው ሌላ የኮድ ማስገቢያ የምትሠሩ ደግሞ አፕኮት (upquote) የሚባል ራሱን የቻለ ፓኬጅ አለላችሁ። ዎርድ ላይ ጽሑፍን በራሱ የሚያርመው ኦቶኮሬክት (AutoCorrect) ውስጥ ገብታችሁ ጥቅስ የሚያጎብጠውን ምርጫ አጥፉት። ይህ ግን ቀድሞ የጎበጠውን አያቃናም፤ እሱን እየፈለጋችሁ በእጃችሁ መቀየር አለባችሁ።

መምህራን፣ እናንተንም አደራ እላለሁ። ጽሑፉን ስታርሙ ከፒዲኤፉ አንድ ሁለት መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ራን አድርጉት። አልሠራ ካለ፣ ጥረዛ ቤት ሳይደርስ ለተማሪው መልሱለት።

አመሰግናለሁ።